የኤዲያ ግራ እጅ

በሠርግ አዳራሹ ውስጥ ኦርጋን ተጫዋቹን የሚያውቀው ሁሉ «ኤዲያ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ድሮ አብሮት ይጫወት የነበረው ድራም መቺ ነው፤ ማውጣት እንኳ አይባልም፣ ከራሱ አፍ ወስዶ መልሶ ለራሱ ሰጠው እንጂ። ኦርጋን ተጫዋቹ ሰው ሲዘፍን ሰምቶ «ኤዲያ» ይላል። ሻይ ሲቀዳለት፣ ገና ሳይቀምሰው፣ «ኤዲያ» ይላል። ሙሽሪት ከወር በላይ የተጨነቀችበትን ቀሚስ ለብሳ በበሩ ብቅ ስትል እንኳ ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ገረፍ ያደርጋትና ያችኑ ቃል ይደግማታል። ጮክ ብሎ አይደለም፤ በአፍንጫው ነው፣ ከንፈሩን ሳያላቅቅ። ሰምቶ የተቀየመ ሰው ቀና ብሎ ሲያይ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሥራው ላይ ነው።

ንቀት እንደ እሱ የተስማማው ሰው አይገኝም። ሌላው ሰው ሲንቅ ፊቱ ይጣመማል፤ እሱ ግን ያምርበታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽበቱ ከጆሮው በላይ ብቻ ፈንጠር ፈንጠር ያለ ሰው ነው፤ ጣቶቹ ደግሞ ለጉድ ይረዝማሉ። ሰዎች ይህን ሁሉ አይተው፣ እንዲህ የሚንቅ ሰው አንድ ነገር ቢያውቅ ነው ብለው ደመደሙ። ሁሉን የሚያጣጥል ሁሉን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሰው ሒሳብ እንዲህ ነው። በዚህ ሒሳብ ኤዲያ የሰፈሩ የኦርጋን ሊቅ ሆኖ ቁጭ አለ።

ኦርጋን ሊገዛ ያሰበ ሁሉ እሱን ይዞ ነው ወደ ሱቅ የሚሄደው። ልጁን ሙዚቃ ሊያስተምር ያማረው አባት፣ መጠጥ ቤቱን ሊያደምቅ የፈለገ ነጋዴ፣ ጡረታ ወጥቶ እጁን የት እንደሚያሳርፈው የጠፋበት የባንክ ሠራተኛ፣ ሁሉም ይለምኑታል። እሱም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይገባና በተደረደሩት ዕቃዎች መሃል ይንጎራደዳል።

«ይሄኛው ስድስት መቶ ዓይነት ድምፅ አለው ጋሼ» ይለዋል ባለሱቁ።

«ስድስት መቶ ድምፅ ምን ያደርግለታል? ሰውየው አንድ የራሱ ድምፅ እንኳ የለው።»

ገዢው አጠገቡ ቆሞ ይሰማል፤ ግን ይስቃል፣ ምክንያቱም ሊቅ ነው የሰደበው። ሲነኩ ቁልፋቸው የሚበራ ኦርጋኖችን ኤዲያ «የልደት ኬክ» ይላቸዋል። ማይክሮፎን የሚሰካባቸውን «ለፍየል ሻጭ መለፈፊያ ይሁኑ» ይላል። ከዚያ አንዱን ያስወርድና ገልብጦ ሆዱን ያያል። ሆዱ ላይ ምን እንደሚፈልግ ማንም ጠይቆት አያውቅም። አንስቶ ክብደቱን ይመዝናል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል፣ ቆሞ፣ በቀኝ እጁ ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች አንዴ ይሮጥበታል። አለቀ። «ይሄን ውሰድ» ይላል፤ ካልሆነም ያችን ቃሉን። ሁልጊዜ ቆሞ ነበር የሚመርጠው። ተቀምጦ መከራውን ማየት የገዢው ፈንታ ነው።

ራሱ የሚጫወትበት ኦርጋን ግን አሮጌ ነበር፤ ስለዚህ ዕቃ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፣ እሱ ስለማይናገረው። ኦርጋኑ ሪትም አለው። በተኑን ሲጫኑት ድራሙን ራሱ ይመታል፣ ቤዙን ራሱ ይይዛል፣ ጊታሩንም ራሱ ይቆነጥራል። ተጫዋቹ በግራ እጁ ሦስት ጣት አሳርፎ ኮርድ መያዝ ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ሲሰንፍም በአንድ ጣት ይበቃዋል። ቀኝ እጁ ዜማውን እየተጫወተ ሲሽቀረቀር፣ ግራው ጡረታ እንደወጣ ነው።

ዕቃው አዲስ የመጣ ጊዜ አዳራሹ ሙሉ ባንድ ነበረው። አንድ ቅዳሜ ቤዝ ተጫዋቹ ታሞ ቀረ፤ ኤዲያ ሪትሙን አስነሳና ሠርጉ አማረ። ባለ አዳራሹ ጥግ ቆሞ ሲሰማ ዋለ። በሚቀጥለው ሳምንት ቤዝ ተጫዋቹ ድኖ ሲመጣ «አትድከም» ተባለ። ጊታሪስቱም ብዙ አልቆየም። መጨረሻ ላይ ድራም መቺው ዕቃውን በጋሪ አስጭኖ ሲወጣ ኤዲያ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ጫጫታ ቀነሰልን» አለ። ድራም መቺው አሁን ጎማ ይጠግናል፤ ኤዲያ በዚያ በኩል ሲያልፍ ሰላም አይለውም፣ ድራም መቺውም ሰላም በለኝ ብሎ አልለመነውም።

ከዚያ ወዲህ ኤዲያ «እኔ ብቻዬን አዳራሽ የምሞላ ሰው ነኝ» ማለት አመጣ። በሌሎች አዳራሾች እንደ እሱ በሪትም የሚጫወቱትን «በተን ተጫኞች» ይላቸዋል፤ አፉን ሞልቶ፣ ዓይኑን ሳያሽ። እሱስ? እሱ የሚጫነው ለማሟሻ ያህል ነው። ይህንን ለሌላው ብቻ ሳይሆን ለራሱም ደጋግሞ ነግሮታልና አምኖታል።

ዘፋኟ የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። ድምጿ ያማረ ነው፤ ሰውም ይወዳታል። ኤዲያ ግን «የሠርግ ድምፅ» ነው የሚለው፣ እሱ ራሱ ሌላ ቦታ ተጫውቶ የሚያውቅ ይመስል። ስትደክም ዘፈኑን ዝቅ እንዲያደርግላት በዓይኗ ትጠቅሰዋለች፤ ኤዲያ ከኦርጋኑ በግራ በኩል ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ በተን ይነካል፣ ዕቃው ሁሉንም ድምፅ ከቀጭን ወደ ወፍራም ያወርድለታል፣ ጣቶቹም ከለመዱት ቦታ ንቅንቅ ሳይሉ ይቀጥላሉ። በዚህ ዘዴ ሲኖር ጣቶቹ ከአንድ መንደር ወጥተው አያውቁም ነበር።

ኦርጋኑ የሞተው በሥራ ላይ ነው። የሙሽሪት አባት ማይክሮፎን ይዞ ስለ ልጁ ሲናገር ቆም ብሎ እንባውን በመሐረብ ጠረገ። በዚያች ቅጽበት ኦርጋኑ ማንም ሳይነካው ፈጣን የጭፈራ ሪትም ጀመረ። ኤዲያ በተኑን ቢጫን፣ ቢደበድብ፣ አልቆም አለ፤ ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለው። እንግዶቹ ሲስቁ አባትየውም አብሮ ሳቀ፤ ንግግሩን ግን አልጨረሰም።

ባለ አዳራሹ ወፍራም፣ ለስላሳ ሰው ነው። ተቆጥቶ አያውቅም፤ ሰው ሲያባርር እንኳ ትከሻውን እየዳበሰ ነው። በማግስቱ ኤዲያን ቢሮው ጠርቶ ትከሻውን ያዘው።

«ወንድሜ፣ እዚያ ማዶ ያለው አዳራሽ ኦርጋን ተጫዋቹን አሰናብቶ በላፕቶፕ የሚያጫውት ሰው ቀጠረ። አንድ ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ። አይታመም፣ አይኮራ።»

«ኤዲያ።»

«እኔም ለአንተ ስል ኤዲያ ብያለሁ። አዲስ ዕቃ እገዛልሃለሁ፤ መራጩ አንተው ነህ። ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም ሲሉ ነው የምሰማው። ግን እንዳታሳፍረኝ። ከቅዳሜ የሚቀጥለው ቅዳሜ ትልቅ ሠርግ አለ። እሱ ካማረ ወንበሩ ያንተ ነው፣ እስክታረጅ ድረስ። ካላማረ ግን፣ ምን ላድርግ፣ እኔም ላፕቶፔን እፈልጋለሁ።»

ኤዲያ እየተንጠባረረ ወጣ። ነገር ግን ከዚያ ወንበር ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ምንም አልነበረውም። መድረኩ ከፍ ያለ ነው፤ እዚያ ላይ ሲቀመጥ የሰው ሁሉ አናት ይታየዋል፤ መላጣው፣ ቀለም የተቀባው፣ ሰው ሠራሹ ፀጉር። ከዚያ ከወረደ ከማን በላይ ሆኖ እንደሚንቅ አያውቅም።

ወደ ሱቁ ሦስት ሆነው ሄዱ፤ ባለ አዳራሹ፣ ዘፋኟና እሱ። ባለሱቁ ደንበኛውን ሲያይ ተፍ ተፍ አለና መጀመሪያ ያሳያቸው ትልቅ ስክሪን ያለው፣ ሪትሙ የማያልቅ፣ ድምፅ ማውረጃና መስቀያ ያለው ኦርጋን ነበር። ባለ አዳራሹ ስክሪኑ ላይ የሚዋኙትን ቀለማት አይቶ እንደ ሕፃን ፈዘዘ።

«ጋሼ፣ ይሄ ይሻለናል» አለች ዘፋኟ። «ሪትሙ ጥሩ ነው። ዝቅ ማድረጊያውም አለው፣ እኔም ሲደክመኝ...»

«ያንቺ ድምፅ በበተን የሚድን መስሎሻል?»

ዘፋኟ ከስክሪኑ ራቅ አለች። ስንት ዓመት የዋጠችው ነገር ስለሆነ ይህችን ለመዋጥ አልተቸገረችም።

ኤዲያ ግን ስክሪኑን ሲያይ ሌላ ነገር ታየው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ማንም ይጫወተዋል። ነገ አንዱ ሽቶ የተርከፈከፈ ጎረምሳ መጥቶ አንድ በተን ቢጫንበት ሠርጉ ያልቃል፤ ታዲያ ባለ አዳራሹ እሱን ምን ብሎ ያኖረዋል? ሌላ ሰው የማይደፍረው ዕቃ መምረጥ ነበረበት። ይህን ሲያስብ ራሱን እንደ ብልህ ቆጠረ፤ ምኞቱና ትዕቢቱ አንድ ዕቃ ላይ ሲገናኙ ሰው ሁልጊዜ ብልህ የሆነ ይመስለዋል።

ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ነገር ነበር። ኤዲያ ራሱ ሄዶ ጨርቁን ገፈፈው። ጥቁር፣ ስክሪን የሌለው፣ ከዳር እስከ ዳር ቁልፍ ብቻ።

«እሱ የመድረክ ኪቦርድ ነው» አለ ባለሱቁ። «ሰማንያ ስምንት ቁልፍ፣ እንደ ትልቁ ፒያኖ። ቁልፉም እንደዚያው ከባድ ነው። ስፒከር የለውም፣ ሪትም የለውም። ጥሩ ዕቃ ነው ጋሼ፤ ግን ለሠርግ አልመክርም። ባንድ ከሌለ ቤዙን ማን ይይዘዋል? ግራ እጅ ይፈልጋል።»

«እኔ ግራ እጅ የለኝም?»

«ኧረ እንዲያ አላልኩም።»

«አንተ ዕቃህን ሽጥ።»

ባለሱቁ ገመዱን ከስፒከር ጋር አገናኘለት። ኤዲያ እንደ ልማዱ ቆሞ፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ፣ በቀኝ እጁ ዝግ ያለ ዜማ ጀመረ። ግራው አልፎ አልፎ አንዲት ወፍራም ድምፅ ጣል ያደርጋል፣ ፔዳሉ ይዞ ያቆይለታል። እውነት ለመናገር ቆንጆ ነበር። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ፤ የባለ አዳራሹ ዓይን እርጥብ አለ። ለዚያች አጭር ጊዜ ኤዲያ ነኝ የሚለውን ሰው ሆኖ ነበር። ከዚያ ሳይደክመው አቆመ፤ ስህተቱም እዚያ ላይ ነው። ለሰው ሲመርጥ የኖረበትን ያንኑ ቆሞ መነካካት፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውልበት ለራሱ ተጠቀመበት።

«ይሄ ነው» አለ ባለ አዳራሹ።

ባለሱቁ ትከሻውን ነቀነቀ። «ካልተስማማችሁ በዚህ ሳምንት ውስጥ አምጡትና በዚያኛው እቀይርላችኋለሁ» አለ። ኤዲያ እንዳልሰማ ሆነ።

ኪቦርዱ ለልምምድ ወደ ቤት መጣ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ለቀቀችለትና እሷ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ኤዲያ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ጀመረ። ስፒከር የሌለው ዕቃ በማዳመጫ ሲጫወቱት ለሌላ ሰው ሙዚቃ የለውም፤ የሚሰማው ቁልፉ ሲወርድ የሚያሰማው ድብደባ ነው። ሚስቱ ጨርቅ እያስገባች ያንን ስትሰማ ዋለች። ቀኙ ይሮጣል። ግራው ዱብ ይላል፣ ይቆያል፣ እንደዘገየ ሲነቃ ሁለቴ ዱብ ዱብ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ጸጥ ይልና እንደገና ከመጀመሪያው።

ኤዲያ ቀና ሲል እያየችው ነበር። ማዳመጫውን አወለቀ።

«ግራህ ይዘገያል» አለችው።

«ስፌትሽን ስፊ። ሙዚቃውን ሳትሰሚ ምኑን አወቅሽ?»

«ሙዚቃውንማ አልሰማሁም። የሰማሁት እጅህን ነው።»

«ኤዲያ» አላት። በሁለተኛው ቀን የግራ እጁ አንጓ አበጠ። በሦስተኛው ቀን እጁን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ሳለ ሚስቱ ፎጣ ይዛ መጣች።

«መልሰው» አለችው። «ባለሱቁ እቀይራለሁ ብሏል አሉ፤ እህቴ ነገረችኝ። ቁልፉ ከበደኝ በላቸው።»

«ከበደኝ ልበል? እኔ?»

«ታዲያ አልከበደህም?»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ምንም አይልህም። ሰው ሥራ አለው።» ፎጣውን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። «ካልሆነ ደግሞ ድራም መቺውን ጥራው። ጎማ ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው። እሱ ከኋላ ከያዘልህ ግራህ አይጨነቅም።»

«ጎማ ጠጋኝ ለምኜ ልጫወት?»

ሚስቱ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ይህች ሴት ከአንድ ትዕቢተኛ ጋር ዕድሜዋን የጨረሰች ናት፤ የት ድረስ መግፋት እንዳለባት ታውቃለች።

ቢሆንም ነገሩ በልቶታል። በነጋታው ኪቦርዱን ትቶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ወደ ሱቁ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ሊናገረው የሚገባውን ሲያበስል ነበር፤ አዳራሹ ሪትም ያለውን መረጠ እላለሁ፣ ዘፋኟ አስቸገረችኝ እላለሁ፣ መድረኩ ጠበበው እላለሁ። ከአፉ የሚወጣው ሁሉ ሌላ ሰው ላይ የሚያርፍ ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ባለሱቁን ከአንዲት እናትና ከሴት ልጇ ጋር ሲያወራ አየው።

«እንኳን መጡ ጋሼ» አለ ባለሱቁ። ወደ ሴትየዋ ዞረ። «እኚህን ይጠይቋቸው። ሰማንያ ስምንቱን ለሠርግ የወሰዱ ደንበኛዬ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ ሪትም ነው የሚለኝ።»

እናትየዋ በአክብሮት አየችው። ልጅቷም አየችው። ኤዲያ የመጣበትን ነገር ምላሱ ላይ እንዳለ ዋጠው። እጁን ወደ ኋላ አጣመረ፤ ያበጠው አንጓ በቀኙ ውስጥ ተደበቀ።

«ለልጅ ሪትም ያለው አይገዛም» አለ። «ያሰንፋል።»

ይህን ተናግሮ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሊያድነው የሚችለው ሱቅ ከኋላው ቀረ። ዓለም ላይ ስንት ዓይነት ሞኝ አለ፤ ይህኛው ግን ለሁለት ለማያውቃቸው ሰዎች ዓይን ሲል እንጀራውን የሚሰጥ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ከቀትር በኋላ ጢም ብሎ ሞላ። ኤዲያ ጥቁር ኮት ለብሶ ጥቁሩ ኪቦርድ ፊት ተቀመጠ፤ ሙሽሮቹ ሲገቡም ያንን ዝግ ያለውን ዜማ ተጫወተ። ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ዞረ። ፎቶ አንሺዎቹ ሙሽሮቹን ትተው ወደ እሱ አነጣጠሩ። ባለ አዳራሹ ከሩቅ አውራ ጣቱን አሳየው። ኤዲያ ዓይኑን ጨፈነ፤ ወንበሩ የእሱ እንደሆነ ተሰማው።

ከዚያ ዘፋኟ ማይክሮፎኑን አንስታ የጭፈራውን ዘፈን ጀመረች። ሰው ወንበሩን እየገፋ ተነሳ። ግራ እጁ የመጀመሪያውን ዙር ያዘ። በሁለተኛው አንጓው መንደድ ጀመረ። በሦስተኛው ቤዙ ወደ ኋላ ቀረ፤ ኤዲያ ሊደርስበት ሲል ቀኙ ተደናገረ፤ ቀኙን ሊያስተካክል ሲል ግራው ጨርሶ ቆመ። ጨፋሪ እግሩን አንስቶ የሚያሳርፍበት ምት ሲያጣ አየር ላይ ይቀራል። ብዙ እግር አየር ላይ ቀረ። አንድ ትልቅ ሰውዬ ሚዛኑን ስቶ ጠረጴዛ ላይ ተደገፈ፣ ብርጭቆ ወደቀ።

ዘፋኟ ልታድነው ሞከረች። በዓይኗ ጠቀሰችው፤ ዝቅ አድርግልኝና ቀስ ብለን እንያዘው ማለቷ ነበር። የኤዲያ እጅ ሳያስበው ወደ ግራው ጥግ ሄደ። እዚያ ምንም በተን አልነበረም፤ ለስላሳ ጥቁር ብረት ብቻ። በጣቱ ሊያወርደው ሞከረ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ መንደር የኖሩት ጣቶች አዲሱ ሰፈር ውስጥ በየበሩ አንኳኩ። እሷ አንድ ቦታ፣ እሱ ሌላ ቦታ ሆኑ። ከታች መጀመሪያ ማጉረምረም ተሰማ፣ ቀጥሎ ሳቅ። ሙሽሪት ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ ሰው የተበላሸ ዕቃ እንደሚያይ ነው ያየችው። ንቀት ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ይመስለው ነበር። ከታች ወደ ላይም እንደሚወጣ ያን ቀን አወቀ።

በዚህ ጊዜ የሚስቱ እህት ጀርባዋን ሰጠችው። ማይክሮፎኑን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችና ማጨብጨብ ጀመረች። እግሯን የመድረኩ እንጨት ላይ ትመታለች፣ ታጨበጭባለች። ከፊት ያሉት ሴቶች ተቀበሏት፤ ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። ማይክሮፎኑን መልሳ አነሳችና ያለ ምንም ዕቃ፣ በሰው እጅ ብቻ፣ ዘፈነች። «የሠርግ ድምፅ» የተባለው ድምፅ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ሽማግሌው ሳይቀር ተነሳ። አዳራሹ እንደዚያ ጨፍሮ አያውቅም።

ኤዲያ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። አንዴ፣ እኔም አለሁ ለማለት ያህል፣ በቀኝ እጁ አንድ ሁለት ድምፅ ጣል አደረገ። ዘፋኟ ሳትዞር አንድ እጇን ወደ ኋላዋ ዘረጋችና መዳፏን አሳየችው። ተው ማለቷ ነበር። ተወ። የቀረውን ጊዜ ሁሉ በመቶ ዓይን ፊት ሲያፍር ዋለ፤ ከማፈሩ ይልቅ የባሰው ደግሞ ማንም እሱን ዞሮ አለማየቱ ነበር።

ሠርጉ ሲበተን ወንበሮች እየተነባበሩ ሳለ ባለ አዳራሹ መጣ። ከኋላው ሆኖ ሁለቱንም ትከሻውን ያዘው። ኤዲያ ዓይኑን ጨፈነ፤ የዚህ እጅ ትርጉም ይገባዋል።

«አማረ ወንድሜ» አለው። «እንዲህ ያለ ሠርግ አላየንም ብለው ነው የሄዱት። ከእንግዲህ ዘፋኟ አጨብጫቢ ሴቶች ይዛ ትመጣለች፤ ከእሷ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ዜማውን የሚሰጣት ደግሞ ላፕቶፕ ያለው ሰው ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀምጠዋለሁ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ወንበርህ ያንተ ነው። አማረ አይደል? ቃሌ ቃል ነው። ያ ጥቁር ዕቃ መድረኩን እንዴት እንዳሳመረው አላየህም? ፎቶ አንሺዎቹ ሞቱለት። አንተም ከነሽበትህ፣ ከነኮትህ፣ ታምራለህ። እንደ ዛሬው ቁጭ ትላለህ። ገመዱን ብቻ አንሰካውም።»

ዘፋኟ ጫማዋን እየቀየረች ሰማች። ቀና ብላ አየችው፤ አሁን ያንን ቃል ይለዋል፣ ኮቱን ያነሳና ይወጣል ብላ ጠበቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን ከአፉ ልትሰማው ናፈቀች። ኤዲያ ግን ወንበሩን እያየ ነበር።

«እጄን ላንቀሳቅስ?» አለ።

«አዎ እንጂ። ካላንቀሳቀስክማ ሰው ይነቃብናል።»

«ግራዬንም?»

ባለ አዳራሹ ምን እንደተጠየቀ አልገባውም። ትከሻውን ዳበሰለት። «ግራህንም፣ ደስ ካለህ» አለው።

ኤዲያ ከወንበሩ ተነሳና ዝቅ ብሎ እጅ ነሳው። ዘፋኟ ፊቷን አዞረች። የእህቷ ባል ከልቡ ደስ ብሎት ነበር፣ እሷም ያንን ማየት አልቻለችም።